ከምስጋናው ይልቅ የጓዙን ዝርዝር አንብቡ

ውድ ልጆች፣

በዲሴምበር 1621 ኤድዋርድ ዊንስሎው የተባለ የ26 ዓመት ወጣት፣ ዛሬ ማሳቹሴትስ በሚባለው ግዛት ጠረፍ ከተቆረቆረችው ከፕሊመዝ መንደር ሆኖ እንግሊዝ ላለ ወዳጁ ደብዳቤ ጻፈ። አብዛኛው ምስጋና ነው። በቆሎው ሰምሯል፤ ዓሣውና የዱር ወፉ ሞልቷል፤ ከአገሬው ሕዝብ ጋር በሰላም እንኖራለን፤ መከሩ ከገባ በኋላም መሪያቸው ማሳሶይት 90 ያህል ሰዎች አስከትሎ መጥቶ ሦስት ቀን ጋብዘናቸዋል፣ እነሱም አምስት አጋዘን አድነው አመጡልን ይላል። አሜሪካኖች በኅዳር ወር የቱርክ ዶሮ እየጠበሱ የሚያስታውሱት ይህን ክፍል ነው። እዚያ የሚያድጉ የእኛ ልጆችም በትምህርት ቤት የሚማሩት ይኸንኑ ነው።

ወደ መጨረሻው ግን ጸሐፊው ድምፁን ይለውጥና፣ ሊከተሉት ያሰቡ ሰዎች ምን ይዘው እንዲመጡ ይነግራቸዋል። የብረት ቀለበት ያለው በርሜል። የሎሚ ጭማቂ። ወረቀትና የተልባ ዘይት። ለኩራዝ የሚሆን የጥጥ ፈትል። በምስጋናው ውስጥ ያልተወራው መከራ የተቀመጠው እዚህ ነው። ይህን ታሪክ ለሚያስተምር ሰው ዝርዝሩ ከድግሱ የሚበልጥበት ለዚህ ነው፤ ሩቅ አገር ለመሄድ የምታስቡ ወጣቶችም፣ ቀድሞ የሄደ ሰው ሲጽፍላችሁ እንደዚሁ ብታነቡ እወዳለሁ።

ስለ አቆጣጠሩ አንድ ነገር ልበል። ዓመታቱ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፤ ቀኖቹን ደግሞ ሰዎቹ ራሳቸው እንደጻፏቸው አስቀምጣለሁ። እንግሊዞች ያኔ ገና በአሮጌው በጁልየስ አቆጣጠር ይጠቀሙ ስለነበር ከዛሬው የፈረንጅ ካሌንደር 10 ቀን ይዘገያል። በሁለት ካሌንደር መኖር ለለመደ አበሻ ይህ አይከብደውም። በእኛ አገር ዘመኑ የአፄ ሱስንዮስ ነበር።

አሁን ወደ ባሕሩ። ብዙ ሰው መከራው ሁሉ ባሕር ላይ ያለቀ ይመስለዋል። ዊንስሎው የመጣባት መርከብ ሜይፍላወር 102 መንገደኞች ጭና ሴፕቴምበር 6 ቀን 1620 በእንግሊዝ አገር ካለው የፕሊመዝ ወደብ ተነሣች፤ 66 ቀን ቆይታም ኖቬምበር 11 ኬፕ ኮድ የተባለ የአሜሪካ ጠረፍ ላይ መልህቅ ጣለች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከመንገደኞቹ የሞተው አንድ ወጣት አገልጋይ ብቻ ነው። አንድ ሕፃንም ተወለደ፤ ኦሺየነስ ብለው ስም አወጡለት። መልህቁ ከወደቀ በኋላ እስከ ፀደይ ባሉት ወራት ግን ግማሹ ሰው አለቀ። እንግዲህ አብዛኛውን ሰው የገደለው መድረስ ነው። መድረሱን እንዲህ ገዳይ ያደረገው ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ከመነሻው መጀመር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱ ያለው እንግሊዝ ወደብ ላይ ነውና።

ሲጀመር መርከቦቹ ሁለት ነበሩ። ከመንገደኞቹ ገሚሱ በሃይማኖት ምክንያት ከእንግሊዝ ወጥተው ሆላንድ ውስጥ ላይደን ከተማ ከአሥር ዓመት በላይ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ 60 ቶን ገደማ የምትጭን ስፒድዌል የምትባል ትንሽ መርከብ ገዙ። ትልቋ ሜይፍላወር 180 ቶን የምትጭን፣ ከፈረንሳይ ወይን ጠጅ ስታመላልስ የኖረች የንግድ መርከብ ነበረች። ከሆላንድ የተነሡት ጁላይ 22 ነው። ሁለቱ መርከቦች ኦገስት 5 ከሳውዝሃምፕተን አብረው ወጡ፤ ስፒድዌል ውኃ ማስገባት ጀመረችና ዳርትመዝ ገብተው አስጠገኗት። እንደገና ወጡ፤ 300 ማይል ያህል ከሄዱ በኋላ እንደገና አፈሰሰች። ተመለሱ፤ ተዋት። 20 ያህል ሰው እዚያው ቀረ፣ የቀረው ሜይፍላወር ላይ ተጠቀጠቀ።

የመርከቧ ችግር ምን ነበር? የማኅበረሰቡ ገዥ የነበረው ዊልያም ብራድፎርድ በኋላ እንደጻፈው ምሰሶዋ ከአካሏ ጋር አይመጣጠንም፤ በዝቶባት ነበር። ረጅም ምሰሶ ብዙ ሸራ ይሸከማል፤ ነፋስ ሸራውን ሲገፋ ምሰሶው እንደ ጉልበተኛ ፈልቃቂ ሆኖ የሳንቃዎቹን መጋጠሚያ ይከፍተዋል፤ ስንጥቁ በክርና በሬንጅ ቢደፈንም ሸራው ሲወጠር መልሶ ይለቃል። ወደብ ላይ ቆማ ስትመረመር ደህና ትመስላለች፤ ችግሩ የሚታየው ስትሮጥ ነው። ምሰሶዋ ከተስተካከለ በኋላ ያቺው መርከብ ለሌላ ባለቤት ብዙ ዓመት ሠርታለች። ብራድፎርድ ካፒቴኗንና ሠራተኞቿን አብረውን ላለመቆየት ሆን ብለው አደረጉት ብሎ ይከሳቸዋል። እኔ እንኳ የምሰሶው ነገር ለብቻው ይበቃል ባይ ነኝ።

በዚህ መሃል የጠፋው ጊዜ ነው፤ ጊዜ ደግሞ ስንቅ ነው። ከመካከላቸው ግዢውን ይመሩ ከነበሩት አንዱ ሮበርት ኩሽማን ከዳርትመዝ ሆኖ፣ የእንግሊዝን ጠረፍ ሳንለቅ የምግባችን ግማሽ ሊያልቅ ነው ብሎ ጽፏል። ከዚያ በፊትም ሳውዝሃምፕተን ላይ የወደብ ዕዳ ለመክፈል ከ60 እስከ 80 የሚደርስ ትንንሽ በርሜል ቅቤ ሸጠዋል፤ አንዱ በርሜል 25 ኪሎ ገደማ ይይዛል። በራሳቸው ደብዳቤ ላይ ዘይት እንደሌላቸው፣ ለጫማ መጠገኛ እንኳ ሶል እንዳልቀራቸው ገልጸዋል። ጫማ መጠገኛ የሌለው ሰው ወደ በረዶ አገር ሲሄድ አስቡት።

የመዘግየቱ ሌላው ዋጋ ነፋስ ነው። በዚያ የውቅያኖስ ክፍል ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ በመጸው ደግሞ ማዕበሉ ይበረታል። ሜይፍላወር 66 ቀን የፈጀባትን መንገድ በሚቀጥለው ኤፕሪል ስትመለስ በ31 ቀን ጨርሳዋለች፤ ያችው መርከብ፣ ያው ካፒቴን ክሪስቶፈር ጆንስ። መኸር ሊሰበስቡ በሚገባቸው ወር ገና ባሕር ላይ ነበሩ፤ ሲደርሱ የሚዘራም የሚታጨድም የለም።

በመርከቧ ውስጥ ሰው ይኖር የነበረው በላይኛው ወለልና በዕቃ ማስቀመጫው መካከል ባለው ደርብ ነው፤ ረጅም ሰው ቀጥ ብሎ አይቆምበትም። ማዕበል ሲነሣ መዝጊያው ይዘጋል፣ እሳት አይነድም፣ ምግቡ ደረቅ ብስኩትና ቀዝቃዛ ሥጋ ይሆናል፣ ልብስ አይደርቅም። መሃል መንገድ ላይ ደግሞ የመርከቧ ዋና አግዳሚ ጎበጠና ተሰነጠቀ። ያዳናቸው ከሆላንድ ይዘውት የመጡት ትልቅ የብረት ብሎን ነው፤ ዛሬ መኪና የምናነሣበትን ክሪክ የመሰለ መሣሪያ። በእሱ አግዳሚውን ወደ ቦታው ገፉት፣ ከሥሩ ጠንካራ እንጨት አቆሙለት፣ የላይኛውን ወለል ስንጥቅ ደፈኑ፣ ሸራ እንዳያበዙም ተስማሙ። ልብ በሉ፤ ውሳኔውን የሰጡት ካፒቴኑና ሌሎቹ ከውኃ በታች ያለው አካል ጤነኛ ነው ካሉ በኋላ ነው። ከመፍራታቸው በፊት ጉዳቱ የትኛው ክፍል ላይ እንደሆነ አረጋገጡ።

እንግዲህ ወደ ዊንስሎው ዝርዝር ልግባ፤ ይህን ሁሉ ካወቃችሁ አሁን የሚነበበው በሌላ ዓይን ነው።

በርሜላችሁን በብረት ቀለበት አሳስሩ ይላል፤ ሁሉንም ባይሆን የታችኛውን ረድፍ። የታችኛው ረድፍ የላዩን ሁሉ ይሸከማል፤ በእንጨት ቀለበት የታሰረ በርሜል እርጥበት ሲያገኘውና መርከብ ሲያናውጠው ቀለበቱ ይላላል፣ ቢራውና ውኃው ይፈስሳል። ቢራ ስል እንዳትሥቁ። በበርሜል የከረመ ውኃ ስለሚበላሽ ቀጠን ያለ ቢራ ለሕፃንም ለአዋቂም የዕለት መጠጥ ነበር፤ የእኛ ቤት ጠላ እንደነበረው ማለት ነው። ሜይፍላወር ላይ በርሜል ሠሪ እንዲሆን ጆን አልደን የተባለውን ወጣት ከሳውዝሃምፕተን ቀጥረው ይዘው ሄደዋል።

ዱቄቱን በርሜል ውስጥ እስኪደርቅ ድረስ ርገጡት፤ ለማውጣት መጥረቢያ እስኪያስፈልግ ይጠቅጠቅ ይላል። ልል ዱቄት ውስጥ አየርና እርጥበት ይገባል፤ ሻጋታውና ነቀዙ ይከተላል። የተጠቀጠቀው ከዳሩ ብቻ ይበላሻል፣ መሃሉ ይተርፋል። ብስኩቱም ጥሩ የዳቦ ክፍል ይሠራለት፣ ሥጋው በደረቅ ጨው ብቻ አይታሽ፣ ሥራውን ለሚያውቁት ለመርከበኞች ስጡት። ሽሮና በርበሬ በጥንቃቄ አሽገው ለልጃቸው የሚልኩ እናቶቻችን ይህን አንቀጽ ያለ አስተማሪ ይረዱታል። በነገራችን ላይ በርበሬውም በቆሎውም ከመነሻው የመጡት ከዚያው ከአሜሪካ አህጉር ነው።

የመኝታችሁን ክፍልፍል በተቻለ መጠን ክፍት አድርጋችሁ ሥሩ። ሰው ግላዊነትን ፈልጎ በሳንቃ ይዘጋዋል፤ የታፈነ አየርና እርጥብ ልብስ ግን ሳል ያመጣል። አልባሳትና አልጋ ልብስ አብዝታችሁ ያዙ።

የሎሚ ጭማቂ አምጡና በባዶ ሆድ ጠጡት። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከደብዳቤው ሁሉ ትበልጥብኛለች። ስከርቪ የሚባለው በሽታ ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት ለወራት ያላገኘ ሰው ላይ ይመጣል፤ ድድ ያብጣል ይደማል፣ ጥርስ ይነቃነቃል፣ የዳነ ቁስል መልሶ ይከፈታል፣ ጉልበት ይከዳል። ጄምስ ላንካስተር የተባለ የመርከብ አዛዥ በ1601 ባደረገው ጉዞ ለመርከበኞቹ በየጠዋቱ ሦስት ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ እየሰጠ አድኗቸው ነበር። ነገሩ ይታወቅ ነበር ማለት ነው፤ ግን በሁሉ ዘንድ አልጸናም። ጄምስ ሊንድ የተባለው ሐኪም በመርከበኞች ላይ አነጻጽሮ ያሳየው በ1747 ነው፤ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለሁሉም መርከበኛ መስጠት የጀመረው በ1795። ዊንስሎው ዕውቀቱን ከየትም ያግኘው፣ በዚያ የበረዶ ወራት ያየው ሞት እንዳጸናለት አልጠራጠርም። ከአሥር ዓመት በኋላ ቦስተንን የቆረቆሩት ሰዎችም በፌብሩዋሪ 1631 ላየን የተባለችው መርከብ የሎሚ ጭማቂ ይዛ እስክትደርስላቸው በዚሁ በሽታ ብዙ ሰው ሞቶባቸዋል።

ወረቀትና የተልባ ዘይት ለመስኮት ነው። መስታወት ስለሌለ ወረቀቱ በተልባ ዘይት ይነከራል፤ ዘይቱ ሲደርቅ ብርሃን ያሳልፋል፣ ነፋስና ዝናብ ግን ይመልሳል። የጠመንጃውን አፈሙዝ ርዝመት የሚመለከተውን እዘለዋለሁ፤ ለእናንተ አይጠቅማችሁም።

በመጨረሻ፣ በእኛ እህል እምብዛም አትተማመኑ ይላል። በዚያ ሁሉ ምስጋና መካከል ይህ ቃል መኖሩን አትርሱ። እዚያው ደብዳቤ ውስጥ ያሉ ሌሎች ቁጥሮችም እንዲሁ ይናገራሉ። ሰባት መኖሪያ ቤትና አራት የጋራ ቤት ሠርተናል ይላል በኩራት። ሲደርሱ ግን ነጠላ ሰዎችን ከየቤተሰቡ ጋር አዳብለው ያቀዱት ለ19 ቤተሰብ ነበር፤ ለአንድ ሰው 2.5 ሜትር በ15 ሜትር ያህል ቦታ ሸንሽነው። ከ19ኙ ሰባት ብቻ የተሠሩት ሠራተኛ ስለሰነፈ ይመስላችኋል?

ኬፕ ኮድ ላይ መርከቧ ከባሕሩ ዳርቻ አንድ ኪሎ ሜትር ከሚበልጥ ርቀት ላይ ቆመች፤ ውኃው ጥልቀት የለውም። ጀልባዋም ዳር ድረስ ስለማትደርስ ሰው በኖቬምበር ቅዝቃዜ እስከ ጭኑ ውኃ ውስጥ እየገባ ወጣ። ቦታ የሚያስሱባት ትንሽ ጀልባ ተቆራርጣ ነበር የተጫነችው፤ ሰው ሲተኛባት ከርሞ መጋጠሚያዋ ተከፍቶ አናጢው አስተካክሎ ለመጨረስ 16 ወይም 17 ቀን ፈጀበት። ዕቃ ስትጭኑ መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁን መጨረሻ ጫኑ፤ እንዲህ ቀላል ነገር ነው። ለመኖሪያ የሚሆነውን ቦታ መርጠው መርከቧ ወደ ፕሊመዝ የገባችው ዲሴምበር 16 ነው፤ የመጀመሪያውን ቤት መሥራት የጀመሩት ዲሴምበር 25። ስድስት ሜትር በስድስት ሜትር የሆነ የጋራ ቤት ነበር፤ ጃንዋሪ 14 አንድ ፍንጣሪ የሣር ክዳኑን አቃጠለው። ከሥሩ በሽተኞች ተኝተው ነበር፣ የጎረሱ ጠመንጃዎችም አጠገባቸው። ሕይወት አልጠፋም፤ ሣሩ ግን እንደገና መታጨድ ነበረበት።

በክፉው ጊዜ በቀን ሁለትና ሦስት ሰው ይሞት ነበር፤ የታመሙትን የሚያነሡ፣ እንጨት የሚፈልጡ፣ ልብስ የሚያጥቡ ስድስት ወይም ሰባት ጤነኞች ብቻ የቀሩበት ጊዜ ነበር። በመከር ጊዜ የተረፉት ባለትዳር ሴቶች አራት ናቸው፤ ያንን የሦስት ቀን ድግስ ያበሰሉት እነሱ መሆናቸውን አስቡ። መርከበኞቹም አልተረፉም፤ ግማሽ ያህላቸው ሞቷል። መጀመሪያ ላይ ቢራው ለመልሱ ጉዞ እንዳያንስብን ብለው መንገደኞቹን ቶሎ ውረዱ፣ ውኃ ጠጡ ያሏቸው እነሱ ነበሩ። ብራድፎርድ ታሞ ትንሽ ቢራ ቢለምን የገዛ አባታችን ብትሆን አንሰጥህም አሉት። በሽታው ወደ እነሱ ሲዞር ካፒቴኑ ልቡ ራርቶ ለሚፈልገው ቢራ እንዲላክ አዘዘ።

ስለ መሬቱ ደግሞ በግልጽ መናገር ይገባል፤ ብዙዎች የሚያድበሰብሱት እዚህ ላይ ነውና። ባዶ ምድር አልነበረም። ፕሊመዝ ያሉት ቦታ የዋምፓኖአግ ሕዝብ ወገን የሆኑት የፓተክሴት ሰዎች መንደር ነበር፤ ከ1616 እስከ 1619 የዘለቀ ወረርሽኝ ፈጅቷቸው የተመነጠረ ማሳቸው ያለ ባለቤት ቀረ። ሰፋሪዎቹ ገና ኬፕ ኮድ ሳሉ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ የሌላ ሰው በቆሎ ቆፍረው ወሰዱ፤ በሁለት ጉዞ አሥር ቡሽል ያህል፤ ቡሽል 35 ሊትር ገደማ የሚይዝ የእህል መስፈሪያ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ለባለቤቶቹ ካሳ ከፍለዋል። ያ በቆሎ ባይኖር የሚዘሩት ዘር አልነበራቸውም።

ማርች 1621 ላይ አስተማሪ አገኙ። ቲስኳንተም የፓተክሴት ሰው ነው፤ በ1614 አንድ እንግሊዛዊ ካፒቴን አፍኖ ስፔን አገር ማላጋ ውስጥ ሊሸጠው ወሰደው፤ በለንደን በኩል ዞሮ በ1619 አገሩ ሲመለስ መንደሩ ውስጥ አንድም ሰው አልጠበቀውም። እንግሊዝኛ ስለሚችል በሁለቱ ወገን መካከል ቋንቋ ሆነ። በአሮጌ ማሳ ላይ ዓሣ ካልተቀበረ በቆሎ አይበቅልም አላቸው። ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ሄሪንግ የሚመስለው ዓሣ እንቁላል ሊጥል በወንዙ ሽቅብ ይመጣል፤ ያን ይዞ ከዘሩ ጋር በጉብታው ውስጥ መቅበር ነው። ሠርተው አዩት። ማረሻም ከብትም የላቸውም፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጊደሮችና አንድ ኮርማ የመጡት በ1624 ነው። 20 ኤከር በቆሎ፣ ማለትም ስምንት ሄክታር ያህል፣ በዶማና በእጅ ተከሉ። በስድስት ኤከር ላይ ደግሞ ከእንግሊዝ ያመጡትን ገብስና አተር ዘሩ። በቆሎው ሰመረ፣ ገብሱ እንደ ነገሩ ሆነ፣ አተሩ አብቦ ፀሐይ አደረቀው፤ ዘግይተው ስለዘሩት ይመስላል። የአገሩን እህል የአገሩ ሰው እንዳሳየው የዘራ በላ፤ ይዞ የመጣውን በለመደው ወር የዘራ አልበላም። የዓሣው ነገርም እንዲሁ ነው፤ ባሕሩ በዓሣ ተሞልቶ እነሱ የሚራቡት ጠንካራ መረብ ስላልያዙ ነበር።

ከማሳሶይት ጋር በ1621 የገቡት ውል ከ50 ዓመት በላይ ቆየ። በ1675 የማሳሶይት ልጅ ሜታኮም የመራው ጦርነት ተነሣ፤ ለዋምፓኖአጎች ጥፋት ሆነ። ከ1970 ጀምሮ ተወላጆቹ የምስጋና በዓል በሚከበርበት ዕለት ፕሊመዝ ላይ ተሰብስበው የሐዘን ቀን ያደርጉታል። አሜሪካ ያላችሁ ልጆች መምህራችሁ ይህን ካልነገረቻችሁ ጠይቋት።

ኮንትራት ስለሚባለው ነገር ደግሞ ባጭሩ። ጉዞውን በገንዘብ የደገፉት የለንደን ነጋዴዎች ናቸው። ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሁሉ እንደ አንድ የ10 ፓውንድ ድርሻ ይቆጠራል፤ ሰባት ዓመት ሁሉም ለጋራ ይሠራል፤ በመጨረሻ ሁሉ ነገር በነጋዴዎቹና በሰፋሪዎቹ መካከል ይከፋፈላል። በመጀመሪያው ስምምነት ቤቱና ጓሮው ለሰፋሪው ይቀር ነበር፣ በሳምንትም ሁለት ቀን ለራሱ ይሠራ ነበር። ሰዎቹ ንብረታቸውን ሸጠው ገንዘባቸውን ካስገቡ በኋላ እነዚህ ሁለቱ ተሰረዙ። ሳውዝሃምፕተን ላይ አንፈርምም አሉ፤ የነጋዴዎቹ ወኪል ተቆጥቶ አንዲት ሳንቲም ሳይከፍል ሄደ። ያ ሁሉ ቅቤ የተሸጠው ለዚህ ነው። በኋላ ፈርመዋል። በ1627 ዕዳውን 1,800 ፓውንድ ላይ ቆርጠው በዓመት 200 ሊከፍሉ ተስማሙ፤ ነገሩ ተከፍሎ የተጠናቀቀው በ1640ዎቹ ነው። ዛሬ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በኮንትራት የምትሄዱ እኅቶችና ወንድሞች ውሉን አንብባችሁ ቅጂውን ይዛችሁ ካልሆነ የቤታችሁን ዕቃ አትሽጡ፤ ዕቃውን የሸጠ ሰው መከራከሪያ አይኖረውም።

የጓዙን መጠን ለማወቅ የፈለገ ደግሞ በደቡብ በኩል የነበረውን የቨርጂኒያ ኩባንያ ዝርዝር ይመልከት። ኩባንያው ያለ ስንቅ የሄዱ ሰዎች እየሞቱ ስላስቸገሩት በ1622 አንድ ሰው ሊይዝ የሚገባውን በአንድ ወረቀት አትሞ በተነ። ለአንድ ሰው ለአንድ ዓመት ስምንት ቡሽል ዱቄት፣ በእኛ ሁለት ኩንታል ገደማ፤ ሁለት ቡሽል አተር፣ ሁለት ቡሽል አጃ፣ አንድ ጋሎን ዘይት፣ ሁለት ጋሎን ኮምጣጤ። አራት ጥንድ ጫማ። ዶማ፣ መጥረቢያ፣ መጋዝ፣ አካፋ፣ የብረት ድስት። የመርከቡ ዋጋ ስድስት ፓውንድ ብቻ ሲሆን ከጓዙ ጋር ሲደመር 20 ፓውንድ ገደማ ይሆናል። ትኬቱ የወጪው አንድ ሦስተኛ አይሞላም ማለት ነው። ሰው የሚቆጥበው ለትኬት ነው።

ይህን ያልሰሙ ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው ለማየት ዊንስሎው ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። ደብዳቤውን ከመጻፉ ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ በኖቬምበር 1621፣ ፎርቹን የምትባል መርከብ 35 ሰው አራግፋለች፤ አብዛኞቹ ጎረምሶች፣ የሚላስ የሚቀመስ ያልያዙ፣ አልጋ ልብስም ድስትም የሌላቸው። ለአንድ ሰው በሳምንት ዘጠኝ ሊትር ያህል ዱቄት ይሰፈር የነበረው ቀለብ በዚያው በግማሽ ተቆረጠ። ያ የተመሰገነ መከር የተበላው በዚህ መንገድ ነው። ፎርቹን ስትመለስ 500 ፓውንድ ገደማ የሚያወጣ ሳንቃና የቢቨር ቆዳ ለነጋዴዎቹ ተጫነባት፤ ፈረንሳዮች ባሕር ላይ ይዘው ዘረፉት። ደብዳቤው ግን ለንደን ደረሰ፤ በ1622ም ታተመ።

በ1623 በጋ አን እና ሊትል ጄምስ የሚባሉ ሁለት መርከቦች 90 ያህል ሰው ይዘው መጡ። ከመጡት መካከል የዘመዶቻቸውን የተቀደደ ልብስና የከሳ ፊት ሲያዩ ያለቀሱ፣ ምነው እንግሊዝ በቀረን ያሉም ነበሩ። ነባሮቹ ለእንግዶቻቸው ያቀረቡት ምርጥ ምግብ አንድ የባሕር ሎብስተር ወይም ቁራጭ ዓሣ ነበር፣ ያለ ዳቦ፣ ከአንድ ኩባያ የምንጭ ውኃ ጋር። በዚያ ዓመት የጋራው እርሻ ቀርቶ ለየቤተሰቡ ማሳ ተሰጥቶ ነበርና ነባሮቹ ወደ ገዥው ሄደው በቆሏችን ለእንግዶች እንዳይከፋፈል ብለው ለመኑ። እንግዶቹም በበኩላቸው የመጣንበት ስንቅ አይነካብን አሉ። ገዥው ለሁለቱም እሺ አላቸው፤ እስከ መከር ድረስ አንዱ የተከለውን፣ ሌላው በርሜል ውስጥ ጠቅጥቆ ያመጣውን በላ።